የግብዣ ጽዋና ልኩ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

የተወደዳችሁ ክርስቲያኖች ሆይ፤ ዛሬ የምንናገርበት ነገር በሩቅ ያለ አይደለም፤ በየቤታችሁ፣ በየጓዳችሁ የተቀመጠ ነው። በማኅበርና በሰንበቴ፣ በሠርግና በክርስትና፣ በዝክርና በተስካር፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ጽዋ ይቀርባል። ስለዚህም ብዙ ጊዜ ጥያቄ ይመጣልናል። አንዱ «ለክርስቲያን ጠላና ጠጅ መጠጣት ይገባዋልን?» ይላል፤ ሌላው «ካልሰከርሁ ምን አለብኝ?» ይላል። ለሁለቱም መልስ አለን። ነገር ግን እስከ ዛሬ ማንም ያልጠየቀን ሦስተኛ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «እኔ በግድ ያጠጣሁት ሰው ቢሰክር ዕዳው የማን ነው?» የሚለው ነው። የዛሬውን ቃላችንን ይልቁንም የምናውለው በዚህ በሦስተኛው ላይ ነው።

አስቀድመን ግን የቤተ ክርስቲያናችንን ትምህርት በአጭሩ እናስታውስ። መጠጥ በተፈጥሮው ርኩስ ነው የሚል ትምህርት የለንም። ጌታችን በገሊላ ቃና ወደ ሠርግ በተጠራ ጊዜ የወይን ጠጁ ቢያልቅ፣ እመቤታችን አሳስባው ውኃውን ወደ ወይን ጠጅ ለወጠ። ወንጌላዊው ዮሐንስ በምዕራፍ 2 እንደ ነገረን በዚያ ስድስት የድንጋይ ጋኖች ነበሩ፤ ይህንንም ተአምር በየዓመቱ ጥር 12 ቀን፣ በጥምቀት ማግስት እናከብረዋለን። ዳዊትም በመዝሙሩ የሰውን ልብ ደስ የሚያሰኘውን ወይን ከእህልና ከዘይት ጋራ በአንድ ረድፍ ከእግዚአብሔር ስጦታዎች ቆጥሮታል። በሐዋርያት ስም በተጻፈው ቀኖና ውስጥ ደግሞ ሁለት አንቀጾች አሉ፤ አንዱ ስለ ተጋድሎ ሳይሆን እንደ ርኩስ ቆጥሮ ከሥጋና ከወይን የሚርቀውን ካህን ይነቅፋል፤ ሁለተኛው በስካር የጸና ጳጳስ፣ ቄስ ወይም ዲያቆን ልማዱን እንዲተው፣ ባይተው ግን ከሹመቱ እንዲሻር ያዝዛል። እነዚህን ሁለት አንቀጾች አንድ ላይ ያነበበ ሰው የቤተ ክርስቲያንን አሳብ ለማወቅ ብዙ መድከም የለበትም።

የማይጠጣውም ሰው በቤተ ክርስቲያን ክብር አለው። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 6 ናዝራዊ የሆነ ሰው ከወይን ጠጅና ከሚያሰክር መጠጥ እንዲለይ ታዝዞአል። መልአኩም የመጥምቁ ዮሐንስን ልደት ለዘካርያስ ሲያበሥር ሕፃኑ ወይን ጠጅ እንደማይጠጣ አስቀድሞ ነግሮታል። ሬካባውያንም ነቢዩ ኤርምያስ የወይን ጽዋ ባቀረበላቸው ጊዜ የአባታቸውን ትእዛዝ ጠብቀው እንቢ አሉ፤ ስለ እንቢታቸውም ከእግዚአብሔር ዘንድ ተመሰገኑ እንጂ አልተነቀፉም። ይህን የሬካባውያንን ነገር ልብ በሉት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

የሐዋርያው የጳውሎስ ቃልም አለ። ጢሞቴዎስ ስለ ሆዱና ስለ ዘወትር ድካሙ ከውኃ በቀር ወይን እንዲጨምር በመጀመሪያይቱ መልእክቱ በምዕራፍ 5 መክሮታል። የጢሞቴዎስን የሆድ ሕመም የማያውቅ ጠጪ አላጋጠመንም፤ «ጥቂት» የሚለውን ቃል ግን ብዙው ሰው ዘልሎት ያልፋል። ዮሐንስ አፈ ወርቅ እ.ኤ.አ. በ387 በአንጾኪያ ሳለ ይህንን የጳውሎስን ቃል መነሻ አድርጎ ሰፊ ስብከት ሰብኮአል። አሳቡም በአጭሩ ወይኑ የእግዚአብሔር ሥራ ነው፣ ስካሩ ግን የዲያብሎስ ሥራ ነው፤ ሰካራሙን አይቶ ወይኑን የሚረግም ሰው ነገሩን አላስተዋለም የሚል ነው። እኛም ከዚህ አንወጣም።

ልኩ እንግዲህ ወዴት ነው? በዚህ ላይ የዘመናችን ሐኪሞች የሚያስተምሩንን መስማት ይገባናል። ጌሾው፣ ብቅሉና አሻሮው በጋን ሲጠነሰስ፣ ወይም ማሩ በውኃ ተበጥብጦ ሲፈላ፣ በዓይን የማትታይ እርሾ ጣፋጩን ነገር ወደ አልኮል ትለውጠዋለች። ጠላ ከመቶው ከ2 እስከ 6 እጅ ያህል አልኮል ይኖረዋል፤ ጠጅ ወደ 10 ይጠጋል፣ አንዳንድ ጊዜም ያልፋል፤ አረቄ ግን በእሳት ኃይል እንፋሎቱ ተሰብስቦ የሚወጣ ስለ ሆነ ወደ 40 ይደርሳል፣ ዳግም የወጣውም ይበልጣል። የቤት መጠጥ እንደ ጠማቂዋ እጅና እንደ ሰነበተበት ቀን ይለያያል። ስለዚህ «ሁልጊዜ ሦስት ብርሌ እጠጣለሁ፣ ምንም አልሆንም» የሚል ሰው ብርሌውን ቈጠረ እንጂ በውስጡ ያለውን አልቈጠረም። የጎረቤቱ ሦስት ብርሌ የእርሱን ስድስት ያህል ሊሆን ይችላል።

ከሰውነታችን ውስጥ ይህን አልኮል የሚያስወግደው ይልቁንም ጉበት ነው፤ እርሱም በአንድ ሰዓት ከ7 እስከ 10 ግራም ከሚሆነው በላይ አይችልም። ከመቶው 5 እጅ አልኮል ያለበት የ330 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ቢራ 13 ግራም ያህል አለበት። ይህ ማለት አንዱ ጠርሙስ ብቻውን ከአንድ ሰዓት በላይ የጉበት ሥራ ነው ማለት ነው። ቡና ቢጠጡ፣ ራስን በቀዝቃዛ ውኃ ቢነክሩ፣ ጉበት አይቸኩልም። ባዶ ሆድ ላይ የወረደ ጽዋ ደግሞ ወደ ደም ፈጥኖ ይገባል፤ ከቅዳሴ ወጥቶ እህል ሳይቀምስ ዋንጫ የሚያነሣ ሰው ይህን ይወቅ። አባቶቻችን በማኅበር አስቀድመው ዳቦውን ባርከው መቍረሳቸው ለነፍስ ሥርዐት ብቻ ሳይሆን ለሥጋም የሚበጅ ነበር።

ሌላም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ባወጣው መግለጫ ለጤና ፈጽሞ ጉዳት የለበትም የሚባል የአልኮል መጠን እንደሌለ አስታውቆአል፤ መጠጥ ነቀርሳን ከሚያመጡ ነገሮች አንዱ መሆኑም ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሊቃውንቱ ዘንድ ተመዝግቦ ይገኛል። ስለዚህ ዛሬ «ለጤናዬ ብዬ ነው» የሚለው ምክንያት አይቆምም፤ ለሆዱ መድኃኒት የሚሻ ሰው ከሐኪሙ ሌላ መድኃኒት ያገኛል። ጽዋውን የሚያነሣ ክርስቲያን ስለ ፍቅርና ስለ ደስታ ብሎ ጥቂት ያንሣ፤ መድኃኒት ነው ብሎ ግን ራሱን አያታልል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በአገራችን ቋንቋ «የሚካኤል ማኅበር እጠጣለሁ»፣ «ሰንበቴ እጠጣለሁ» እንላለን። ለማኅበርተኛነታችን የሰጠነው ስም መጠጣት ነው። ቃሉ የመጣው ከጽዋው ነው። ጽዋውም በቅዱሱ ስም የሚዞር፣ ከተረኛ ወደ ተረኛ በጸሎት የሚሻገር፣ ወንድማማችነትን የሚያስር ምልክት ነው። የቆሮንቶስ ክርስቲያኖችም እንዲህ ያለ ማዕድ ነበራቸው፤ ነገር ግን አንዱ እየተራበ ሌላው እንደሚሰክር ጳውሎስ በሰማ ጊዜ፣ በአንደኛይቱ መልእክቱ በምዕራፍ 11 ክፉኛ ወቀሳቸው፤ በአንድነት መሰብሰባቸው የሚጎዳቸው እንጂ የሚጠቅማቸው አለመሆኑን ነገራቸው። ማዕዱ ለአንድነት ተሠርቶ ሳለ መለያያ ሆኖባቸው ነበርና። በእኛም ዘንድ ማኅበር «መጠጣት» ከተባለ በኋላ፣ የማይጠጣው ሰው ማኅበርተኛ ያልሆነ፣ ያኰረፈ፣ ወይም የናቀን ይመስለን ጀመር። ግድ ማለትም ከዚህ ተወለደ።

«በሞቴ!» «አፈር ስሆን!» «ስሞትልህ ይህችን ብቻ!» «ካልጠጣህ አልወደድኸኝም!» እነዚህን ቃላት የማያውቅ የለም። ክፉ ቃላት ናቸው አንልም፤ መነሻቸው ደግነት ነው። እንግዳ የሩቅ መንገድ በእግሩ መጥቶ፣ ርቦትና ጠምቶት ሳለ፣ የባለቤቱን ድህነት እያየ በይሉኝታ «ጠግቤአለሁ» ይላል። ባለቤቱም ይህን ያውቃልና በሞቱ እየማለ ያበላዋል፤ ይህን በማድረጉ እንግዳውን ከይሉኝታው ነጻ ያወጣዋል። ያማረ ልማድ ነው፤ በእህል ላይ ሲሆን። እህል የራሱ ልክ አለው፤ ሆድ ሲሞላ እንቢ ይላል፤ የባለቤቱም ልመና በዚያው ያበቃል። መጠጥ ግን እንዲህ አይደለም። መጠጥ አስቀድሞ የሚያስወግደው «በቃኝ» የሚለውን ዳኛ፣ ኅሊናን ነው። ሰውዬው አንደኛውን ዋንጫ ሲጠጣ ልኩን ያውቃል፤ አራተኛውን ሲጠጣ የሚያውቀው አይመስልም፤ ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ፈቃድ የእርሱ ፈቃድ አይደለም። ስለዚህ በእህል ላይ ፍቅር የሆነው ልመና በመጠጥ ላይ ወጥመድ ይሆናል።

አሳላፊውም ሳያውቅ በዚህ ይተባበራል። ዋንጫው ከግማሽ ሲጎድል ይሞላል፣ ደግሞ ሲጎድል ይሞላል፤ ጽዋው ከቶ ባዶ ስለማይሆን ጠጪው ስንት እንደ ጠጣ መቍጠር አይችልም። ይህን እንደ ጥሩ መስተንግዶ እንቈጥረዋለን።

መጽሐፍ ቅዱስ ስለዚህ ምን ይላል? በመጽሐፈ አስቴር ምዕራፍ 1 ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ከህንድ እስከ ኢትዮጵያ ይገዛ የነበረው ንጉሥ አርጤክስስ ለመኳንንቱ 180 ቀን፣ ከዚያም በሱሳ ግንብ ለተገኘው ሕዝብ ሁሉ 7 ቀን ግብዣ አደረገ። መጠጡ የሚቀርበው በወርቅ ዕቃ ነበር፣ ብዛቱም እንደ ንጉሥ ቤት ነበር። ነገር ግን ንጉሡ ለቤቱ አዛዦች አንድ ሥርዐት ሰጥቶ ነበር፤ ይኸውም እንደ እያንዳንዱ ሰው ፈቃድ እንዲያደርጉ እንጂ ማንንም ግድ እንዳይሉ ነው። እግዚአብሔርን የማያውቅ የአሕዛብ ንጉሥ እንግዶቹን ከግድ መጠጥ ጠበቃቸው! እኛ በቅዱሳን ስም ተሰብስበን የማናደርገውን እርሱ በሱሳ አደረገው። ደግሞም የዚያን ታሪክ መጨረሻ ተመልከቱ። ያ ንጉሥ ለእንግዶቹ ያወጣውን መልካም ሥርዐት ለራሱ አላወጣም፤ በሰባተኛው ቀን ልቡ በወይን ደስ ባለው ጊዜ ንግሥቲቱን አስጢንን ውበቷን ለሕዝብ እንድታሳይ አዘዘ፤ እርሷም እንቢ አለች፤ ትዳሩም በአንድ ቀን ቍጣ ፈረሰ።

ነቢዩ ዕንባቆምም በምዕራፍ 2 ባልንጀራውን በሚያጠጣና በሚያሰክር ላይ ወዮታ አውጆአል። ነቢዩ በጊዜው የሚናገረው ስለ ባቢሎን ግፍ መሆኑን እናውቃለን፤ ነገር ግን የመረጠው ምሳሌ ምን እንደ ሆነ እዩ። ወዮታው የወረደው በሰከረው ላይ ሳይሆን ባሰከረው ላይ ነው። በመጀመሪያ የጠቀስነው ሦስተኛው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው። ጳውሎስም ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ በምዕራፍ 14 ወንድም የሚሰናከልበት ከሆነ ሥጋም አለመብላት፣ ወይንም አለመጠጣት መልካም እንደ ሆነ ያስተምራል። እንቅፋት እንዳንሆን ራሳችን መተው የሚገባን ከሆነ፣ ሌላውን ግድ ብሎ ማጠጣትማ ምን ሊባል ነው?

ይህን ስንናገር ከሌላው ራሳችንን አግልለን አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የምናውቀው አንድ ሰው ነበር፤ መጠጥ ኑሮውን አጥፍቶበት፣ ሥራውን አሳጥቶት፣ ከነፍስ አባቱ ጋራ ተማክሮ ፈጽሞ ተወ። ስምንት ወር ቆየ። በልጁ ክርስትና ቀን ቤቱ ሰው ሞላ፤ እርሱም ወዲያና ወዲህ እያለ እንግዳ ሲያስተናግድ ባዶ እጁን አየነው። አንዱ «በልጅህ ቀን እንዴት ባዶ እጅህን?» አለው። ሌላው «በሞቴ» አለው። እርሱም ሳቀ፣ እጁን አወዛወዘ፣ ወደ ጓዳ ሊገባ ሞከረ። ከዚያም እኛ፣ ዛሬ ይህን የምንናገር እኛው፣ በፍቅር መስሎን ብርሌውን አንሥተን በእጁ አስያዝነው፤ «አንዲት ምን ታደርግሃለች? ሕፃኑን መርቅበት እንጂ» አልነው። ጠጣ። በሳምንቱ ሚስቱ ወደ ነፍስ አባታቸው ሄዳ አለቀሰች፤ ከክርስትናው ሌሊት ጀምሮ ሰውዬው ወደ ቤቱ በሰዓቱ አልገባም ነበርና። ስምንቱን ወር ያፈረሰችው ያቺ አንዲት ብርሌ ነበረች፤ ያቀበልነውም እኛ ነበርን። ንስሐ ገብተንበታል። ይሁን እንጂ እስከ ዛሬ «በሞቴ» የሚል ድምፅ በሰማን ቍጥር የዚያች ሴት ፊት ይታየናል።

እንግዲህ ሰው በጽዋው ላይ እጁን ሲጋርድ ምክንያቱን አትጠይቁት። ምናልባት ጉበቱ ታሞአል፤ ምናልባት ከመጠጥ ጋራ የማይስማማ መድኃኒት ይውጣል፤ ሴት ብትሆን ምናልባት ፀንሳለች፣ ለባልዋ እንኳ ገና አልነገረችም። ለፀነሰች ሴት ጥቂትም ቢሆን መጠጥ ለፅንሱ ይጎዳል። ምናልባት ስእለት አለበት፤ ምናልባት እንደዚያ እንዳወሳነው ሰው ከራሱ ጋራ ጦርነት ይዞአል። ይህን ሁሉ በአደባባይ እንዲዘረዝር ማስገደድ ደግሞ ሌላ ግፍ ነው። ሬካባውያን እንኳ ምክንያታቸውን የተናገሩት ነቢዩ በእግዚአብሔር ትእዛዝ ስለ ፈተናቸው ነው፤ ከእኛ መካከል ግን እንዲህ ያለ ትእዛዝ የተሰጠው የለም።

በየማኅበሩ ያላችሁ ሙሴዎችና ተረኞች ሆይ፤ ይህ በእጃችሁ ያለ ነገር ነው። አንድ ጊዜ ጋብዙ፤ ሁለት ጊዜም ይሁን፤ ሦስተኛው ይቅር። አሳላፊው ዋንጫው ባዶ ሳይሆን አይሙላ። በዕለቱ የተበረዘ ብርዝ፣ ቀረቦ፣ ንጹሕ ውኃ ከጠላው እኩል በመልካም ዕቃ ይቅረብ፤ የማይጠጣው ሰው እንደ ሕፃን በጥግ በቆርቆሮ ኩባያ የሚሰጠው አይሁን። ልጆቻችሁንም ስለ ክብር ብላችሁ አታስቀምሱ፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው መጠጥ እንዳይሸጥ ከልክሎአል፤ የመጠጥ ማስታወቂያም በራዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይነገር አድርጎአል። መንግሥት በአየር ላይ ያስቆመውን ቅስቀሳ እኛ በማዕድ ላይ ብንቀጥለው ምን ይባላል?

መኪና የሚነዳውን ሰው ደግሞ ለይታችሁ ዕወቁት። ቀድሞ ሰው ከግብዣ በበቅሎ ሲመለስ፣ ጌታዋ ቢያንቀላፋ እንኳ በቅሎዋ መንገዱን ታውቀው ነበር፤ ከደጁ አድርሳ ትቆማለች። መኪና ግን መንገድ አያውቅም፤ ከፊቱ ያለችውንም ሕፃን አያይም። ለሚነዳ ሰው የሚገባው ልክ ምንም አለመጠጣት ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር አንቀበልም።

በጥንት ዘመን በመኳንንት ግብር አሳላፊው መጠጡን ለጌታው ከማቅረቡ በፊት ጥቂት በመዳፉ ላይ አፍስሶ ራሱ ይቀምስ ነበር። መርዝ እንደሌለበት ማረጋገጫ ነው። የጠጪው ሕይወት በአጠጪው ላይ እንዳለ ሁሉም ያውቅ ነበር።

ያን የተናገርንለትን ሰው ጨርሰን እንንገራችሁ። ብዙ ከወደቀና ከተነሣ በኋላ እንደ ገና ተወ። የሚካኤል ማኅበርተኛ ነውና ተራው በደረሰ ጊዜ ተጨነቀ፤ ጠላ ቢጠመቅ በቤቱ ጋን ተቀምጦ ሊፈትነው ነው፤ ባይጠመቅ ማኅበሩ ሊያማው ነው። ነገሩን ለሙሴው ቢነግረው፣ ሙሴውም ለማኅበሩ ዐሳቡን አቀረበ፤ ዳቦው እንደ ወትሮው ይሁን፣ ጋኑ ግን በብርዝ ይሞላ ተባለ። ሁለት ሽማግሌዎች ጥቂት አጉረመረሙ፤ ጠላ የሌለበት ማኅበር አይተን አናውቅም አሉ። በ12 ቀን ተሰበሰብን፤ ካህኑ ጸሎት አደረሰ፣ ዳቦው ተቈረሰ፣ ጽዋው ዞረ። ያጉረመረሙት ሽማግሌዎች ብርዙን እየጠጡ የድሮ ጨዋታ ሲያወሩ ጀምበር ጠለቀች። አሳላፊው የነበረው ያ በክርስትናው ቀን የታቀፈው ሕፃን ነው፤ አሁን ቁመቱ ረዝሞአል። ሁለተኛውን ዋንጫ ሊሞላልን ወደ እኛ ሲመጣ እጃችንን በጽዋችን ላይ ጋረድን፤ ልጁም እጅ ነሥቶ አለፈን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።